ቅባቱ ከቅርፊቱ በላይ ሲቀር

ጥያቄ፦ «ከአዘዞ ነው የምጽፍልዎ። ወንዱ ልጄ 4 ዓመቱ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት አፍንጫው ሥር ትንሽ ውኃ የቋጠረ ነገር ወጣበትና ፈንድቶ ቢጫ ቅርፊት ያዘ። አያቱ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹለት። ከመድኃኒት ቤት ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ሰጡኝ፤ ስቀባው ሦስት ቀን የደረቀ መሰለኝ፤ ከዚያ ግን ወደ አገጩና ወደ ጆሮው ሥር ተዛመተ። አንዷ ጎረቤቴ የአምፒሲሊን እንክብል ከፍተሽ ነስንሺበት ትላለች። ሌላዋ ለሁሉም ቁስል ይሆናል የምትለውን ክሬም ሰጥታኛለች። የ5 ወር ሕፃንም አለችኝ፤ እሷንም እንዳይዛት ፈራሁ። እነዚህ የሚቀቡ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ልጅ አይጎዱም? በእውነት ያድናሉ ወይስ መርፌ ያስፈልገዋል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከመርፌው ልጀምርልዎ፤ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀዎ እሱ ይመስለኛልና። ልጅዎ ትኩሳት ከሌለው፣ ምግቡን ከበላና ከተጫወተ፣ ቁስሉም እንደ ጻፉልኝ ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ መርፌ አያስፈልገውም። ትክክለኛው ቅባት፣ ቅርፊቱ በተነሣለት ቆዳ ላይ፣ ለአጭር ጊዜ ከተቀባ ያድነዋል፤ አይጎዳውምም። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ነው ነገሩ የሚበላሸው። በእርስዎ ልጅ ላይ ሁለቱ የጎደሉ ይመስለኛል፤ ቅባቱ ለዚህ ቁስል የሚሆን አልነበረም፤ ያውም ከቅርፊቱ በላይ ነው የተቀባው።

ሳላየው እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ነገር ግን አጀማመሩና አካሄዱ ኢምፔታይጎ ከምንለው የቆዳ በሽታ ጋር ይገጥማል። ስታፊሎኮከስ ወይም ስትሬፕቶኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች፣ አንዳንዴም ሁለቱ አብረው፣ በተጫረ ወይም ንፍጥ ባራሰው ቆዳ ገብተው የሚያመጡት ላይ ላዩን የሚሄድ ቁስል ነው። ከ2 እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በብዛት ይታያል። መለያው ቅርፊቱ ነው፤ የፈሰሰ ማር ቆዳ ላይ ደርቆ የቀረ ይመስላል። ልጁ ቅርፊቱን በጣቱ ይነካና ያንኑ ጣት ጆሮው ሥር ያደርሳል፤ ወደ ጆሮው የተሻገረውም በዚህ መንገድ ይሆናል።

አያቱ ምች ማለታቸው ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። በአገራችን ምች የሚባለው የከንፈር ዳር ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሄርፐስ የተባለ ቫይረስ ነው፤ እሱም ውኃ ይቋጥራል፣ ይፈነዳል፣ ቅርፊት ይይዛል። ልዩነቱ ምች ከመውጣቱ በፊት ቦታውን ማቃጠልና መለብለብ ይቀናዋል፤ ፍንጣቂዎቹ ተጠጋግተው በአንድ ቦታ ይወጣሉ፤ ትኩሳት በመጣ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳል። በራሱም ይድናል። ምች ከሆነ የትኛውም ፀረ ባክቴሪያ ቅባት ምንም አያደርግለትም፤ ቫይረስን አይነካምና። የዳማከሴውን ቅጠል ለጊዜው ያቆዩት፤ ቅጠሉን ጠልቼው ሳይሆን የተላጠ ቁስልን በእጅ ማሸት ባክቴሪያውን ወደ ጤነኛው ቆዳ ስለሚያሰፋው ነው።

አሁን ወደ ቴትራሳይክሊኑ ልምጣ። ይህ ቅባት በአገራችን ትልቅ ውለታ የዋለ መድኃኒት ነው፤ በትራኮማ ላይ የተደረገውን ዘመቻ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ሴት ልጅዎም በተወለደች ዕለት ዓይኗ ላይ ሳይቀቡላት አልቀሩም። ነገር ግን 1 በመቶ ጥንካሬ ያለው፣ ለዓይን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ቆዳ የሚያቆስሉት ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ ደግሞ ብዙዎቹ ቴትራሳይክሊንን ለምደውታል። ሦስት ቀን የደረቀ የመሰለዎ ቅባትነቱ ቅርፊቱን አለስልሶ ስላራገፈው ሊሆን ይችላል። ያ መልካም ሥራ ነበር፤ ከሥር የቀረውን ባክቴሪያ የሚገድል ስላልነበረ ግን ተመልሶ መጣ።

ለዚህ ቁስል በዋናነት የሚሆኑት ሁለት ናቸው፤ ሙፒሮሲን 2 በመቶ እና ፉሲዲክ አሲድ 2 በመቶ። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ግምገማ በኢምፔታይጎ ላይ የተደረጉ 68 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቷል፤ 5,578 ሰዎች የተሳተፉባቸው ናቸው። የተገኘው ውጤት ለእርስዎ ጥያቄ በቀጥታ መልስ ይሰጣል። ቁስሉ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ሲሆን እነዚህ ሁለት ቅባቶች ከሚዋጠው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አያንሱም፤ እንዲያውም ከአንዳንዶቹ ይበልጣሉ። የሚዋጠው ሆድ ያሸብራል፣ ተቅማጥ ያመጣል፤ ቅባቱ ግን ቢበዛ ቦታውን ትንሽ ያቃጥላል ወይም ያሳክካል።

ደኅንነታቸውን በተመለከተ፣ ሙፒሮሲን በቆዳ በኩል ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ የገባውንም ሰውነት ወዲያው ሰባብሮ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ በ4 ዓመት ልጅ አገጭ ላይ የሚቀባ የምስር ፍሬ የምታህል ቅባት አያስፈራኝም። ጥንቃቄው ሌላ ቦታ ነው። በብዙዎቹ የሙፒሮሲን ቅባቶች ውስጥ መድኃኒቱን የሚሸከመው ፖሊኢታይሊን ግላይኮል የተባለ ነገር ነው፤ እሱ በሰፊ ክፍት ቁስል ወይም በቃጠሎ ላይ ሲቀባ ወደ ደም ይገባና በተለይ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ጉዳት ያመጣል። ለሰፊ ቃጠሎ ይህን ቅባት አይጠቀሙ። ዓይን ውስጥም አይግባ። የቆዳውን ቅባት አፍንጫ ውስጥ መክተትም ትክክል አይደለም፤ ለአፍንጫ ውስጥ የሚሆነው በሌላ መሸከሚያ የሚዘጋጅ ነው።

እንግዲህ አቀባቡ። ሰዎች በጣም ቸኩለው የሚያልፉት ይህንን ስለሆነ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

ውኃ አፍልተው ለብ እስኪል ያቀዝቅዙት። አዘዞ ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ግድ የለም፣ አንዲት ጣሳ ትበቃለች። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ያዘጋጁ፤ አሮጌ ነጠላ ተቀዶ የታጠበ ቢሆን ከሁሉ ይሻላል፣ ለስላሳ ነውና። እጅዎን በሳሙና ታጥበው ጨርቁን ነክረው ጨመቅ ያድርጉና ቅርፊቱ ላይ ያሳርፉት። ተረት እየነገሩት አምስት ደቂቃ ያህል ይያዙለት፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይንከሩት። ቅርፊቱ ውኃ ሲጠጣ ጠርዙ ይነሣል፤ ያን ጊዜ በጨርቁ ጫፍ በሳሙና ቀስ እያሉ ሲያብሱት ይለቃል። የማይለቀውን በጥፍር አያስገድዱት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይለቃል። ከሥሩ ቀላ ያለ፣ ረጠብ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቆዳ ያገኛሉ። ባክቴሪያው ያለው እዚያ ነው፤ መድኃኒቱም ሥራ የሚሠራው እዚያ ሲደርስ ነው። ቦታውን አድርቀው ቅባቱን ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ከዳሩም ትንሽ ወጣ አድርገው ጤነኛ የሚመስለውን ቆዳ ይንኩት። በቅባት ማጨቅ አያስፈልግም፤ የሚታይ ነጭ ንብርብር ከቀረ በዝቷል ማለት ነው። ሲጨርሱ እንደገና እጅዎን ይታጠቡ። ጨርቁን ቀቅለው ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ ሌላ ፊት እንዳይነካ።

ሙፒሮሲን ከሆነ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ፉሲዲክ አሲድ ከሆነ ሦስት ጊዜ፤ ለ5 ቀን፣ ሐኪሙ ካለ እስከ 7 ቀን ይቀባል። በ3ኛው ቀን ደርቆ ቢያዩት እንኳ አያቋርጡ። 7 ቀን ካለፈ በኋላ ደግሞ «ለማንኛውም» ብለው አይቀጥሉ። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ምንም ለውጥ ከሌለ ሌላ ቱቦ ለመግዛት ወደ መድኃኒት ቤት ከመመለስ ይልቅ ልጁን ለሐኪም ያሳዩት፤ የበሽታው ስም ሌላ ሊሆን ይችላልና።

ቀኑን የምቆጥረው ለምን እንደሆነ በኒውዚላንድ የደረሰውን ባወሳልዎ ይሻላል። ያቺ አገር እ.ኤ.አ. በ1991 ሙፒሮሲን ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ፈቀደች። ሕዝቡም ለጭረቱም ለብጉሩም ይቀባው ጀመር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ሙፒሮሲንን የለመደ ስታፊሎኮከስ ተስፋፋ፤ በ2000 መድኃኒቱ ወደ ማዘዣ ተመለሰ። ሐኪሞችም ወደ ፉሲዲክ አሲድ ዞሩ፤ እሱ በብዛት ሲታዘዝ ደግሞ ፉሲዲክ አሲድን የለመደው ስታፊሎኮከስ በተራው በዛ። በአውሮፓም በዚያው ዘመን ፉሲዲክ አሲድ የማይነካው፣ ኢምፔታይጎ የሚያመጣ የስታፊሎኮከስ ዝርያ ከስካንዲኔቪያ እስከ ብሪታንያ በልጆች መካከል ተዛምቷል። እኛ ለልጆቻችን የሚሆኑ ሁለት ጥሩ ቅባቶች አሉን፤ ለማያስፈልገው ቁስል እየቀባን እነሱን ማጣት በጣም ያሳዝነኛል።

ለማያስፈልገው ቁስል ስል፣ ልጁ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ ወይም ቢላ ጣትዎን ሲቆርጥዎ ያለውን ንጹሕ ቁስል ማለቴ ነው። በውኃና በሳሙና ታጥቦ ቫዝሊን ተቀብቶ ቢሸፈን ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ከ900 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ከትንሽ የቆዳ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቫዝሊንን ባሲትራሲን ከተባለ ፀረ ባክቴሪያ ቅባት ጋር አወዳድሮ ነበር። ቁስላቸው ያመረቀዘባቸው በሁለቱም ወገን በጣም ጥቂቶች ነበሩ፤ ልዩነታቸውም በስሌት የሚቆጠር አልሆነም። በቅባቱ ምክንያት ቆዳቸው የተቆጣባቸው ግን የተገኙት ከባሲትራሲን ተቀቢዎቹ ወገን ብቻ ነው።

ባሲትራሲን ስሙን ያገኘው ከአንዲት ትንሽ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ ማርጋሬት ትሬሲ የተባለች ልጅ እግሯ ተሰብሮ ከቁስሏ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚገድል ባሲለስ ተገኘ፤ ባሲለስና ትሬሲ ተጋጥመው ባሲትራሲን ሆኑ። ከቁስል ተገኝቶ ለቁስል የዋለ መድኃኒት ነው፤ ኒዮማይሲን ከተባለው ሌላ የሚቀባ ፀረ ባክቴሪያ ጋር ግን ቆዳ በማስቆጣት ይታወቃሉ። የአሜሪካ ኮንታክት ደርማታይቲስ ማኅበር በየዓመቱ አንድ አለርጂ አምጪ ነገርን ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ይመርጣል፤ ባሲትራሲን በ2003፣ ኒዮማይሲን በ2010 ተመርጠዋል። አለርጂው ቁስሉን ያቀላዋል፣ ያሳብጠዋል፣ ያሳክከዋል፤ ሰውየውም ቁስሉ የባሰ እየመሰለው ያንኑ ቅባት ይጨምርበታል። ኒዮማይሲን በሰፊ ክፍት ቁስል ላይ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ ወደ ደም ገብቶ መስሚያን ሊጎዳም ይችላል።

የእንክብሉን ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፣ አያድርጉት። ይህ በየቤቱ ያለ ልማድ ነው፤ የሚያደርጉትም ለልጃቸው አዝነው ነው። እንክብሉ የተሠራው ሆድ ውስጥ እንዲሟሟ ነው፤ ቁስል ላይ ሲነሰነስ ከፈሳሹ ጋር ተቦክቶ እንደ ጭቃ ይደርቅና ከሥሩ መግል ይይዛል። የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ ያለፈ ነው። አምፒሲሊን የፔኒሲሊን ወገን ነው፤ ፔኒሲሊን ደግሞ በቆዳ በኩል ሲገባ ሰውነት እንዲጠላው ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የፔኒሲሊን ቅባት ተሠርቶ ነበር፤ ብዙ ሰው አለርጂ ስላመጣበት ሐኪሞች ተዉት። ልጅዎ ዛሬ ለትንሽ ቁስል በዚህ መንገድ አለርጂ ቢይዘው፣ ነገ ለሳንባ ምች ወይም ለልብ ሕመም ፔኒሲሊን በሚያስፈልገው ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ አደጋ ይሆንበታል።

ጎረቤትዎ የሰጠችዎትን ክሬም ማሸጊያውን አገላብጠው ያንብቡት። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ቃል ካገኙ ስቴሮይድ አለው ማለት ነው። እንዲህ ያሉት ብዙውን ጊዜ ስቴሮይድ፣ የፈንገስ መድኃኒትና ጄንታማይሲን ወይም ኒዮማይሲን በአንድ ቱቦ የያዙ ናቸው። በሁለት ቀን ቅላቱን ያጠፉታል፤ ስቴሮይዱ የሰውነትን ቁጣ ዝም ስለሚያሰኝ ነው። ባክቴሪያው ወይም ፈንገሱ ግን ተከላካዩ ዝም በተባለለት ቆዳ ላይ እንደ ልቡ ይሰፋል። ጭርት በዚህ ክሬም መልኩ ተለውጦ፣ ሐኪም እንኳ ሊለየው ተቸግሮ አይቻለሁ። ለፊት ማቅያ ተብሎ ሲቀባም ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ነጫጭ ምልክት ይተዋል። በሕፃን ፊት ላይ ሐኪም ሳያይ ሊቀባ አይገባም። ክሬሙን በምስጋና ይመልሱላት፤ ያነበቡትንም ይንገሯት።

ከጎንደርና ከዙሪያዋ ለሚጽፍልኝ ሰው ሁሉ የማነሣው ሌላ ጉዳይ አለ። አንድ የስሜን ደጋ ገበሬ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያለች ቁስል ለማሳየት ወደ እኔ መጡ። ፌስታላቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አራት የተጨመቁ ቱቦዎች ደረደሩ፤ ቴትራሳይክሊን፣ ጄንታማይሲን፣ ፉሲዲክ አሲድ፣ አንድ ደግሞ ጽሑፉ የጠፋ። ስምንት ወር ሙሉ ተራ በተራ ቀብተዋል። ቁስሉ አያምም፤ ዳሩ ከፍ ብሎ ጠንክሯል፤ መሐሉ ቅርፊት ነው። ከጠርዙ ናሙና ወስደን በማይክሮስኮፕ ስናይ ቁንጭር ሆኖ ተገኘ። ቁንጭር ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ አይደለም፤ ሌሽማኒያ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ሽኮኮ በሚኖርባቸው ገደላማ ደጋማ ቦታዎች የአሸዋ ዝንብ ከሽኮኮ ወደ ሰው ታሻግረዋለች። ስለዚህ አራቱም ቱቦዎች ከመጀመሪያው ሊረዷቸው አይችሉም ነበር። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማኒያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ፤ ሕክምናውም አለ። ፊት ላይ ወጥቶ አራት ሳምንት ያለፈው፣ የማያምም፣ ቅባት የማይመልሰው ቁስል ካለ እዚህ ይምጣ።

ቡግንጅም እንደዚሁ ቅባት አይደርስበትም፤ መግሉ ከቆዳ በታች ታፍኗል። የበሰለው በጤና ተቋም ተበጥቶ ይፈሳል። በተለይ አፍንጫና የላይኛው ከንፈር አካባቢ ያለውን በጭራሽ አይጭመቁት፤ የዚያ አካባቢ ደም ሥር ወደ ጭንቅላት ውስጥ መንገድ አለው። የልጅዎን የጣቶች መሐልና የእጅ አንጓዎቹንም ይመልከቱልኝ። ሌሊት የሚያሳክኩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ካሉ፣ ቤተሰቡም የሚያካክ ከሆነ ሥሩ እከክ ነው፤ ባክቴሪያው የገባው በተቧጨረው በኩል ነው። ያን ጊዜ የእከክ መድኃኒቱን ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ካልተቀባ የልጁ ቁስል በየወሩ ይመላለሳል።

ጸበል የሚያስጠምቁት ከሆነ አልከለክልዎትም። ፎጣው ለብቻው ይሁን፤ እምነቱን ግን ክፍት ቁስል ላይ አያድርጉበት፤ አፈር የቴታነስ ተሕዋስ ይኖርበታል።

ከቅባት አልፎ የሚዋጥ መድኃኒት የሚያስፈልገው ትኩሳት ሲኖር፣ ቁስሉ ከአምስት ስድስት ቦታ ሲበልጥ፣ ትልልቅ ውኃ የቋጠሩ ፊኛዎች ሲወጡ፣ ከጆሮው በታች ንፍፊት ሲያብጥ ወይም በቁስሉ ዙሪያ ያለው ቅላት ሞቆ ሲሰፋ ነው። ክሎክሳሲሊን ወይም ሴፋሌክሲን ሐኪሙ በልጁ ክብደት መጠን ያዝለታል። ዓይኑ ዙሪያ ካበጠ ግን ማግሥቱን አይጠብቁ። ሌላም አለ፤ ስትሬፕቶኮከስ ያመጣው የቆዳ ቁስል ከወጣ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ፣ ጥቂት ልጆች ላይ ኩላሊት ይቆጣል። ጠዋት ሲነሣ ፊቱ ካበጠ፣ ሽንቱ የሥጋ እጣቢ ከመሰለ ወይም መጠኑ ካነሰ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። አብዛኞቹ ልጆች ከዚህ ይድናሉ፤ ግን ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ስለ ሕፃኗ፣ ጡት ማጥባትዎን ይቀጥሉ። ወንድሟ ቁስሉ እስኪደርቅ አይሳማት፤ ትራሱና ፎጣው ይለይ፤ የሁለቱንም ጥፍር ይቁረጡ። የእሱን ቁስል ካጠቡ በኋላ እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ አያንሷት። በእሷ ላይ አንዲት ፍንጣቂ እንኳ ካዩ የወንድሟን ቅባት አይቀቧት፤ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ያድርሷት። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፤ ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸርም ሰፊ ነው፤ የሚቀባ ነገር በእሷ ከእሱ ይልቅ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን ለሚያነቡ ሌሎች እናቶችም፣ ከሁለት ወር በታች ያለ ጨቅላ ላይ መግል የቋጠረ ሽፍታ ከወጣ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ልጁ ወደ መዋዕለ ሕፃናት የሚመለሰው ሕክምናው በተጀመረ በ48 ሰዓት ወይም ቁስሉ ሁሉ ሲደርቅ ነው፤ ለመምህርቷም ይንገሯት፣ የሌሎቹን ልጆች ፊት እንድታይ። የተከፈተ ቱቦ ለጎረቤት አይዋስም፤ አፉም ቁስል አይንካ፤ መጀመሪያ ንጹሕ ጣት ላይ ይጨመቅ። መስኮት ላይ ፀሐይ የሚመታውም ይበላሻል።

በ4ኛው ቀን ለውጥ ካላዩ ይምጡ። በዚያን ዕለት ጠዋት ቁስሉን ምንም አይቀቡት፤ ቀብተው ከመጡ ናሙና መውሰድ ያስቸግረናል። ቱቦዎቹን ሁሉ፣ ያለቁትንም ጭምር፣ ይዘው ይምጡ።